ጋሽ ሲራጅ የቀበሩት ናሙና

አውቶቡስ መርሳ ገብቶ ሲቆም መጀመሪያ የሚሰማው የሲቲ ድምፅ ነው። «ማር የመሰለ ማንጎ! ኧረ ቅመሱና ጥሉት!» ትላለች። ሾፌሩ ሞተር ሳያጠፋ እሷ መስኮቱ ሥር ደርሳ ቅርጫቷን ወደ ላይ ዘርግታለች። ይህ ታሪክ ሲጀምር ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ እግሯ ግን ይህን የሰማ አይመስልም። አብረዋት የሚሸጡት ኮረዶች አንድ ቀን እንኳ ሲቀድሟት አላየሁም።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ዘነበች እባላለሁ። የምሠራው ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ነው። ሰው ስሙን ሲነግረኝ ሕመሙንም አብሮ ይነግረኛል፤ «ለሐኪሙ ንገሩት» ብል የሚሰማኝ የለም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሐኪም ሳልሆን የአሥራ አምስት ዓመት ሕመም ጆሮዬ ውስጥ ተጠራቅሟል። በሲቲ ጉዳይ ከሁሉ ቀድሜ መንቃት የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። አልነቃሁም። ጭራሽ እልል ካሉት አንዷ ሆንኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሲቲ አልወለደችም። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለጋሽ ሲራጅ ተዳረች፤ ከዚያ ወዲህ ያልረገጠችው ሐኪም ቤት፣ ያልጠጣችው የሥር መድኃኒት፣ ያልተሳለችበት ደጅ የለም። ወሎ ነውና የእኛዋ ማርያምም አልቀረች፤ ጠበሉን በጀሪካን ያመጣሁላት እኔው ነኝ። ሁለት ጊዜ ደግሞ «እሷ ትውለድልዎ፣ እኔ አሳድጋለሁ» ብላ ለባሏ ሌላ ሴት አጭታለች። ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ ሲራጅ የልጅቱን ቤተሰብ ይቅርታ ጠይቀው ተመለሱ። ጋሽ ሲራጅ ከሀብሩ ወረዳ ገበሬ ሁሉ ዝምተኛው ናቸው፤ ማንጎ ማሳቸው ውስጥ ውለው ሲገቡ ከሰላምታ በኋላ ሁለተኛ ቃል የሚወጣቸው እራት ሲቀርብ ነው። ያን ጊዜ ግን «አላህ ከሰጠ ካንቺ ይስጠኝ፤ ከነሳም ካንቺ ጋር ይንሳኝ» አሏት አሉ። ይህን ስሰማ ዞሬ ባሌን አየሁት። እሱ ወጡን እያየ ነበር።

የወር አበባዋ በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ቆመ። አንድ ቀን ሙሉ አለቀሰች፤ በማግሥቱ ቅርጫቷን አንስታ ወጣች። ከዚያ በኋላ የልጅ ነገር በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም።

እስከ 2013 ዓ.ም. ማለቴ ነው። የእነሱ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ የገጠሙበት ዓመት ነበር። ጦርነቱ በሰሜን ከተነሳ ወራት ቢቆጠሩም መርሳ ላይ ገና ወሬ ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ ለምሳ ቤት ገብቼ ሽሮዬን ሳማስል ሲቲ ሳታንኳኳ ገባች። ከማሰሮዬ ውሃ ቀዳች። ቁማ ግጥም አድርጋ ጠጣችው።

ማማሰያው እጄ ላይ ቀረ። ይህች ሴት በረመዳን ወባ ይዟት እንኳ አፏን አላረጠበችም።

«እትዬ ሲቲ! ምን ነካሽ? ጾም አይደለሽም እንዴ?»

«አይፈቀድልኝም!» አለችና ሳቀች። «አይፈቀድልኝም እኮ ዘነቡ! መጣ! የወር አበባዬ መጣ!»

«ምን?»

«ወላሂ መጣ! ከትናንት ወዲያ። መጀመሪያ ቁስል መሰለኝ። ኋላ ጡቴ እንደ ኮረዳ ጡት ጠጠረ፤ እንኪ ንኪው፣ ንኪው እንጂ!» እጄን ይዛ ደረቷ ላይ አስቀመጠችው። እውነትም ጠጥሯል። ፊቷም ወዝ አውጥቷል። «የነቢዩላህ ዘከሪያ ሚስት በእርጅናዋ ወልዳ የለም?»

«ኤልሳቤጥ!» አልኩ እኔም ጮኼ። «የአንቺም የእኔም መጽሐፍ ላይ አለች!»

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ሽሮው አረረ። ሁለታችንም ተቃቅፈን እንዘላለን። የአሥራ አምስት ዓመት ካርድ ጸሐፊ፣ የተማርኩ ነኝ ባይ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት የተመለሰ ደም ምን ማለት እንደሆነ አንዲት ጊዜ አልጠየቅኩም። ደስታ ሲመጣ ማን ይመረምራል።

ወሬው በሁለት ቀን ሰፈሩን ዞረ። ዱበርቲዎቹ፣ እነዚያ ለነፍሰ ጡር ዱዓ የሚያደርጉት እናቶች፣ ሳይጠሩ መጡ፤ እየመረቁ «አሚን» ሲሉ ቤቱ ተናጋ። ጋሽ ሲራጅ መናገር ጀመሩ! መንገድ ላይ አቁመውኝ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማንጎው፣ ስለ ባጃጅ ዋጋ አወሩኝ። የሚስታቸውን ቅርጫት ተሸክመው አስፋልት ድረስ ሲያመጡ ያየ ሰው ሁሉ ከንፈሩን ነክሶ ሳቀ። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም። ግንቦት ላይ ሆዷ ገፋ። በእጇ እየደገፈች፣ ቀሚሷን ወደ ኋላ እየሳበች ታሳየን ነበር። ክሊኒክ ወስጄ የሽንት ምርመራ አስደረግኩላት፤ «እርግዝና የለም» አለ።

«መሣሪያው ለወጣት የተሠራ ነው፤ የእኔን ምኑን ያውቀዋል» አለችና እኔንም አሳመነችኝ።

ሰኔ ሲገባ ግን አንድ ቀን ጓሮ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። የምታጥበው ጨርቅ ብዙ ነው።

«እትዬ ሲቲ፣ ይኼ የስንት ቀን ነው?»

«አሥራ ስምንት ቀን» አለች ቀና ሳትል።

ያን ጊዜ ነቃሁ። ጤና ጣቢያችን የምትሠራ አንዲት አዋላጅ ለተማሪዎቿ ሁልጊዜ የምትነግራቸው ነገር አለ፤ ከካርድ ክፍል መስኮት ሆኜ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ደሟ ከቆመ ዓመት ያለፋት ሴት መልሶ ከፈሰሳት፣ ሌላው እስኪረጋገጥ ድረስ ካንሰር ነው ብላችሁ ጀምሩ።» መቶ ጊዜ ሰምቼ አንድ ጊዜ አልሠራሁበትም። በራሴ ተናደድኩ። ንዴቴንም ሲቲ ላይ ተወጣሁት።

«ነገ ወልድያ እንሄዳለን! ማንጎ የለ፣ ዱዓ የለ፣ ምንም የለ!»

«ምን ሆነሽ ነው የምትጮሂብኝ?»

«ነፍሰ ጡር አሥራ ስምንት ቀን አትደማም! ለዚህ ነው የምጮኸው!»

ጨርቋን ማጠብ ቀጠለች። በማግሥቱ ግን ነጭ ሻሿን አስራ ከእኔ በፊት ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ጋሽ ሲራጅ ከኋላ ነበሩ።

ወልድያ ላይ ያየን የማህፀን ሐኪም ዶክተር ያሬድ የሚባል፣ ዓይኑ እንቅልፍ የጠፋበት ወጣት ነው። አልትራሳውንዱን ሆዷ ላይ እያንሸራተተ ብዙ ቆየ። ሲቲ አንገቷን አቅንታ ስክሪኑን ታያለች።

«ራስ አለው?» አለችው።

ዶክተሩ መሣሪያውን አነሳ። «እናቴ፣ ልጅ አይደለም። እጢ ነው። ፓፓያ ያህላል፤ በግራ በኩል እንቁላልዎ የሚፈጠርበት ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ኦቫሪ የምንለው።»

ስለዚያች ሰዓት ብዙ አልጽፍም። ሲቲ ቀሚሷን ወደ ታች ሳበችና ሆዷን ሸፈነች፤ ልክ ሰው ያየባት ያህል። ጋሽ ሲራጅ መሬት መሬት ያያሉ።

ዶክተር ያሬድ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ወረቀት አወጣ። እንደ እሱ ያለ የሚያስረዳ ሐኪም አላየሁም። ትንሽ ክብ ሣለና ዙሪያዋን በነጥብ ሞላው። «መሐል ያለችው እንቁላሏ ናት። እነዚህ ዙሪያዋን የከበቡት ሞግዚቶቿ ናቸው በሉ። ይመግቧታል፣ ይጠብቋታል። ጡት እንዲሞላ፣ የወር አበባ እንዲመጣ የሚያደርገውን ሆርሞንም የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እንቁላሎቹ ሲያልቁ ሞግዚቶቹም ሥራ ይፈታሉ። አንዳንዴ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ ከእነሱ አንዷ አልሰማም ትላለች። ትባዛለች፣ ትባዛለች፣ እጢ ትሆናለች፤ ሆርሞኑንም እያመረተች ሰውነትን ታታልላለች። ጡትዎ የጠጠረው፣ ደም የተመለሰው ለዚህ ይመስለኛል። ግን ይመስለኛል ነው የምለው። በዓይን አይታወቅም። እናወጣዋለን፤ የወጣው ናሙና በማይክሮስኮፕ ታይቶ ስሙ ሲታወቅ ነው መዳንዎን ወይ ሌላ ሕክምና መቀጠልዎን የምነግርዎት።»

ጋሽ ሲራጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «እነዚህ ነጥቦች ልጁን ሊጠብቁ የነበሩ ናቸው?»

«እንቁላሏን፣ አዎ» አለ ዶክተሩ።

ኦፕራሲዮኑ የተሠራው ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ነው። በዚያ ሳምንት ጦርነቱ ወሬ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ከራያ በኩል የሚመጣው ሰው ፍራሹን ተሸክሞ አስፋልቱን ሞልቶታል፤ የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቁስለኛ ከቁስለኛ ጎን ተኝቷል። ዶክተር ያሬድ ሲቲን በሁለት ቁስለኞች መካከል አስገብቶ ሠራት። ማህፀኗንና እጢውን ሳይፈነዳ አንድ ላይ አወጣው። እኔ አጠገቧ ሆኜ ከንፈሯን በጥጥ አርሳለሁ፤ ጋሽ ሲራጅ ውጭ ነበሩ። እጢውን እንዳይበሰብስ ፎርማሊን የሞላበት ነጭ ባልዲ ውስጥ ከትተው፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠምጥመው፣ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ወረቀት ጋር ለእሳቸው ሰጧቸው። በእኛ አገር ናሙና አዲስ አበባ ወዳለው ላቦራቶሪ የሚወስደው የበሽተኛው ዘመድ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ማታ ጋሽ ሲራጅ አፈር የነካ ሱሪ ለብሰው ተመለሱ። «ናሙናውስ?» አልኳቸው። «አድርሼዋለሁ» አሉ። ለአዲስ አበባ ሾፌር ሰጥተውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ከዚያ በላይ መጠየቅ የሚችል ጭንቅላት ማን ነበረው?

ነሐሴ ላይ ከሰሜን የመጡት ታጣቂዎች ወልድያን፣ ቀጥሎም መርሳን ያዙ። መንገዱ ተዘጋ። ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ባንክ የለ፣ ጤና ጣቢያችንም ባዶ ግድግዳ ሆነ። ሲቲ ቁስሏ ገና ሳይጠግግ ከእኛ ጋር ማሽላ ቆርጥማ ከረመች። ደሙ ቆሟል፤ ጡቷ ላላ። የሚጨንቀን ሌላ ነበር። ያ ነገር ምን ነበር? ዘሩን ሆዷ ውስጥ ጥሎ ይሆን? ውጤቱ አዲስ አበባ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀን ነው ብዬ በየቀኑ እነግራት ነበር። ከባድ መሣሪያ ሲጮህ አልጋ ሥር ገብተን እንኳ «ወረቀቱን ሳላይ አልሞትም» ትለኝና ያስቀኛል። አልጋ ሥር ሆኖ መሳቅ ይቻላል፤ እኔ አውቃለሁ።

አምስተኛው ወር ላይ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ሲሆን፣ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ። ስልክ የተመለሰ ቀን ለእናቴ እንኳ ሳልደውል ዶክተር ያሬድን ፈለግኩ። ለካ እሱም ወደ ሥራው ተመልሶ ኖሯል።

«የሲቲ ሙሐመድዘይን ውጤት!» አልኩት ሰላም ሳልለው።

«እኔ እኮ ከእናንተ ነበር የምጠብቀው» አለኝ። አዲስ አበባ ደውሎ ጠየቀልኝ፤ በዚያ ስም የገባ ናሙና የለም ተባለ።

ሩጫዬን እነሲቲ ቤት ገባሁ። ጋሽ ሲራጅ ደጃፍ ላይ መጥረቢያ ይስላሉ። ሲቲ ከውስጥ ወጣች።

«ጋሽ ሲራጅ፣ ያን ባልዲ ለማን ነው የሰጡት?»

መጥረቢያውን አስቀመጡ። «ለአፈር» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ቀበርኩት።»

ነገሩን ያወጡት በልመና ነው። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ከጎናቸው የቆመ አንድ አባት የልጁን የተቆረጠ እግር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀብሏል፤ ወስዶ ሊቀብር። ከእሱ ቀጥሎ የእሳቸው ስም ተጠራና ባልዲው ተሰጣቸው። ከሰው አካል የተለየ ሁሉ፣ ጣትም ትሁን፣ አፈር ማልበስ ደንብ ነው። ሐኪሞቹ ማየት ያለባቸውን አይተው የጨረሱ መሰላቸው። ወረቀቱም የሞት ወረቀት መሰላቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውት ነበር።

«ከነባልዲው?» አልኳቸው።

«ከነባልዲው። ከፈን ገዝቼ ከላይ ጠቀለልኩት። አባቴ አጠገብ ነው ያለው።» ከዚያ ቀስ ብለው «ልጃችንን ሊጠብቁ የነበሩ ናቸው ብሎ የለም ሐኪሙ? ልጁን መቅበር አልደረሰኝ። ሞግዚቶቹን ልቅበር ብዬ ነው» አሉ።

ሲቲ ባሏን በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር ከአንቱ ዝቅ ብላ ጠርታቸው አታውቅም። ያን ቀን «አንተ!» አለች። «አንተ ሲራጅ! እኔ አልጋ ሥር ሆኜ ወረቀት ስጠብቅ አንተ ሬሳዬን ቀብረህ ዝም?» ጮኸች፣ መጥረቢያውን በእግሯ መታች፣ ከዚያ ደግሞ እግሬን አለችና ተቀመጠች። ጋሽ ሲራጅ ጎንበስ ብለው እግሯን አሹላት። እሷም አልከለከለቻቸውም። የሚገርመው ያን ጊዜ እኔ አልተቆጣሁም፤ አንድ ነገር ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ይደውላል። ባልዲው ካልተከፈተ ፎርማሊኑ አልፈሰሰም! ካልፈሰሰ አልበሰበሰም!

«እናውጣው!» ብዬ ጮኽኩ።

መቃብር መቆፈር እንደ ድንች ቁፋሮ አይደለም። መጀመሪያ መስጊድ ሄድን። ሼኹ ሰምተውን ጢማቸውን ዳሰሱና «ለሕያው ነፍስ ሲባል ይወጣል። ይልቅ ቶሎ በሉ» አሉ። ቶሎ ማለቱ ግን ከባድ ነበር፤ መቃብሩ ያለበት ጉብታ በጦርነቱ ምሽግ ሆኖ ከርሟል። ዓለምነህ የሚባል የሰፈራችን ሚሊሻ ጠመንጃውን አንግቦ ከፊታችን ገባ። ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ስለሚችል በእሱ ዱካ ብቻ እንድንረግጥ አዘዘን። እኔ፣ ጋሽ ሲራጅ፣ ከኋላ ደግሞ «አትምጪ» የተባለችው ሲቲ።

ምሽጉን ስናይ ጋሽ ሲራጅ ቆሙ። ቦዩ ጉብታውን ሰንጥቆ ወደ አባታቸው መቃብር ይሄዳል። ብዙ መቃብር ፈርሷል። ራስጌው ላይ የተተከለችው ድንጋይ ግን አለች፤ ቦዩ ከእሷ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ታጥፏል። «እዚህ ጋ ነው፤ በስተቀኝ» አሉና ተንበረከኩ። ዓለምነህ አፈሩን በዱላ እየነካካ አየና ፈቀደ። አካፋ አልያዙም፤ በእጃቸው ነው የቆፈሩት። ክንድ ያህል ወረዱ። ሁለት ክንድ። የለም! ሲቲ «ወደ ግራ» ትላለች፣ እኔ «ወደ ቀኝ» እላለሁ፣ ዓለምነህ «ዝም በሉ!» ይላል። ከዚያ የጋሽ ሲራጅ ጥፍር ፕላስቲክ ቧጠጠ።

ያን ድምፅ በሕይወቴ አልረሳውም።

ከፈኑ ጠቁሯል፤ ክዳኑ ግን ከነፕላስተሩ አለ። ነቀነቅኩት። ሰማሁት! ፈሳሹ ውስጡ ይንቦጫቦጫል! እልል አልኩ። መቃብር ላይ እልል ያልኩ ክርስቲያን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዓለምነህም ሳቀ።

በማግሥቱ ሌሊት ሳይነጋ አማን በሚባል ሾፌር ሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ተነሳን። ሲቲ ባልዲውን ለማንም አልሰጥም ብላ ጭኗ ላይ አቅፋዋለች። በየኬላው ፍተሻ ነው። ሐይቅ ሳንደርስ አንድ ወታደር በመስኮት አጎንብሶ «እናት፣ ምንድን ነው እሱ?» አላት።

«ሆዴ ነው» አለችው።

«ቀልድ አይደለም፤ ክፈቺው።»

«አትክፈት ልጄ፣ ትጠላዋለህ።»

ከፈተው። የፎርማሊኑ ሽታ ዓይኑን ሲያቃጥለው ሁለት እርምጃ ዘሎ ወደ ኋላ ሄደና እንባውን እየጠረገ «እለፉ! እለፉ!» አለ። አማን እስከ ደሴ ድረስ ሳቁን አላቆመም። እኔ ግን ሳልስቅ ክዳኑን በድጋሚ በፕላስተር ጠመጠምኩት።

አዲስ አበባ የተቀበለችን የፓቶሎጂ ሐኪም ዶክተር ህሊና ትባላለች። ታሪኩን ስነግራት መነጽሯን አወለቀች። «ናሙና በአውሮፕላንም በአህያም መጥቶልኛል፤ ከመቃብር ሲመጣ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። ስድስት ወር ገደማ ፎርማሊን ውስጥ መቆየቱ ጥሩ እንዳልሆነ፣ አንዳንዱ ምርመራ እምቢ ሊል እንደሚችል፣ የሴሉ መልክ ግን ሊታይ እንደሚችል ነገረችን። አሥር ቀን ጠበቅን። ሲቲ ያረፍንበት የዘመድ ቤት በር ላይ ቁጭ ብላ ለመንገደኛው ሁሉ ስለ መርሳ ማንጎ ታወራለች፤ እጇ ግን ሻሿን እያጠፈ ይዘረጋል።

በአሥረኛው ቀን ዶክተር ህሊና ራሷ ጠራችን። እኔን ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችኝ። ሐምራዊ ነገር አየሁ፤ ብዙ ጥቃቅን ፍሬ፣ እያንዳንዱ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለው።

«ቡና!» አልኩ።

«እኛም የቡና ፍሬ ነው የምንለው» አለች ተደስታ። «ይህን የሚያሳየው ይኼ ዓይነቱ ነው። ግራኑሎሳ ይባላል፤ እንቁላሏን ከሚከቡት ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ከመቶ የኦቫሪ ካንሰር አምስቱ እንኳ አይሆንም።»

«ሆዴ ውስጥ ቡና ተዘርቶ እኔ ማንጎ ስሸጥ!» አለች ሲቲ። ግን ካንሰር የሚለውን ሰምታለች።

ወረቀቱን ይዘን ወልድያ ተመለስን። የዶክተር ያሬድ ክፍል መስኮት የለውም፤ ካርቶን ተለጥፎበታል። አልትራሳውንዱ ተወስዷል። ቁጭ ብሎ ወረቀቱን አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። ጋሽ ሲራጅ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ባልቀበርኩት ኖሮ የሚለው ሐሳብ ለጥቂት ሳምንት ሳይሆን ለስድሳ ዓመት የተሸከሙት ያህል ጀርባቸውን አጉብጦታል።

«ሽፋኑ አልተቀደደም» አለ ዶክተር ያሬድ። «የትም አልሄደም። ሁሉም ያን ባልዲ ውስጥ ነበር። እናቴ፣ መድኃኒት አያስፈልግዎትም፤ ኦፕራሲዮኑ ጨርሶታል።»

ሲቲ አልገባትም። «እንዴት ማለት?»

«ድነዋል ማለት ነው። ግን ይስሙኝ፣ ይህ ዓይነቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ከአሥር ዓመት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ። ስለዚህ በየስድስት ወሩ እየመጡ ይታያሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም በላይ።»

እኔ የሰማሁት «ተመልሶ» የሚለውን ነበር። ሲቲ የሰማችው ሌላ ነው።

«ሃያ ዓመት?» አለች። ተነሳች። «አንድ ሌሊት ማደራችንን ሳናውቅ ስንከርም፣ አንተ ለሃያ ዓመት ቀጠሮ ትሰጠኛለህ? ሲራጅ ሰሙ? ሰባ አራት ዓመት እስኪሆነኝ ይጠብቀኛል!» ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሁሉ፣ ክራንች የያዘ ወታደር ሳይቀር፣ በሩን ከፍቶ አየን።

ጋሽ ሲራጅ ግን አልሳቁም። ወደ ዶክተሩ ጠጋ አሉ። «እኔ ያኔ ሰማንያ አራት ይሆነኛል፤ ምናልባትም የለሁም። ልጅ የለን። ማን ያመጣታል?»

እልልታው ቆመ። ሲቲ ሻሿን ትነካካለች።

«እኔ አመጣታለሁ» አልኩ። «ሃምሳ ሰባት ዓመት ይሆነኛል፤ ጉልበቴም ምላሴም ይኖራል።»

ካርዶቹ ሁሉ በጦርነቱ ጠፍተው ስለነበር ዶክተር ያሬድ አዲስ ቅጽ አወጣ፤ እጁ ደክሞት ስለነበር «አንቺ ሙዪው፣ ሥራሽ ነው» ብሎ ብዕሩን ሰጠኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ጻፍኩ። የአምጪ ስም በሚለው ላይ የራሴን ጻፍኩ። ቀጥሎ ዝምድና የሚል አለ። ጎረቤት ብዬ ልጽፍ ጀመርኩ።

ሲቲ እጄን ያዘችው። «ልጅ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ።

እኔ ሠላሳ ሰባት፣ እሷ ሃምሳ አራት። ሒሳቡ ከጋብቻዋ በፊት ወልዳኛለች ሊል ነው። ካርድ ክፍል የሚሠራ ሰው እንዲህ ዓይነት ስህተት ሲያይ ያስተካክላል።

«ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። የሚቀጥለው ቀጠሯችን ሐምሌ ሁለት ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።